ከርብራብ ወድቀው ያጣናቸውን ፎርማን ዕንባቆም ላምቤቦን በተመለከተ ለአባላትና ለሕዝብ የወጣ መግለጫ

ማዕዘን የግንበኞችና የአናጺዎች ማኅበር የሥራ ደኅንነት ኃላፊውን አቶ ዕንባቆም ላምቤቦን በሞት ማጣቱን ለአባላቱ፣ ለአሠሪዎችና ለሆሳዕና ከተማ ሕዝብ የሚያስታውቀው በመሪር ሐዘን ነው። አቶ ዕንባቆም ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በከተማችን በሚሠራ ፎቅ ላይ የባሕር ዛፍ ርብራብ ሲደረመስ ወድቀው አርፈዋል። ምን ብለን እንደምንጽፍ ጨንቆናል። ሰው እንዳይወድቅ ሲለምኑን የኖሩት ሰው ራሳቸው ወድቀው ሞቱ።

አቶ ዕንባቆም በሞርሲቶ ተወልደው እዚያው ተምረዋል። የአናጺነት ሙያን የቀሰሙት ከአባታቸው ነው። ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ።

በ2009 ዓ.ም. ማኅበሩን በፎርማንነት ተቀላቀሉ። ተነቅሎ የጎበጠ ምስማር አቃንቶ ርብራብ ላይ መልሶ መምታት የተከለከለው በእሳቸው ውትወታ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን «ሰውዬው አካበዱ» ብለናል።

በ2013 ዓ.ም. የሥራ ደኅንነት ኃላፊ ሆነው ተመረጡ። ያኔ ከከፍታ እንዳይወደቅ የሚታሰረው ቀበቶና ሄልሜት ተገዝቶ ስቶር ውስጥ ይቆለፍበት፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ይወጣ ነበር። አቶ ዕንባቆም የስቶሩን በር ከነማጠፊያው አስነቀሉት።

በ2016 ዓ.ም. በቦኖሻ የተረከብነው የመጋዘን ግንባታ አንድ ሰው ሳይጎዳ ተጠናቀቀ። በምረቃው ዕለት የእሳቸውን ስም የጠራ አልነበረም፤ ይህ ዛሬ ያንገበግበናል።

እንደሚታወቀው በሳይቶቻችን ሥራ የሚጀመረው በጸሎት ነው። ተረኛው ጸልዮ «አሜን» ካሰኘ በኋላ አቶ ዕንባቆም ምሰሶውን እየነቀነቁ፣ ጣውላውን እየረገጡ ይፈትሹ ነበር። እኛ ግን አሜን ባልንበት አፍ ሽቅብ እንሮጣለን። ወጣቶቹ «ጋሽ ዕንባቆም፣ ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል እኮ!» ሲሏቸው፣ «ምስማሩን የመታኸው አንተ ነህ ልጄ፤ አንተው እየው» ይሉ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረው ርብራብ ገና አልተፈተሸም ነበር። ጸሎቱ እንዳበቃ አናጺ አጵሎስ ያለ ቀበቶ ወጣ። አቶ ዕንባቆም ቢጠሩት «አሁን እወርዳለሁ» አለ እንጂ አልወረደም። የራሳቸውን ቀበቶ ይዘው ወጡና ወገቡ ላይ አሰሩለት፤ ጫፉንም ከኮንክሪት ምሰሶው ጋር አያያዙት። ርብራቡ ሲደረመስ አጵሎስ ተንጠልጥሎ ተረፈ። እሳቸውን የያዛቸው ነገር አልነበረም። ይህን የምንጽፈው በአጵሎስ ለመፍረድ አይደለም፤ ያን ዕለት ቀድሞ የወጣው እሱ ይሁን እንጂ ሁላችንም ስንወጣ ኖረናል።

ዓርብ በሞርሲቶ ቀበርናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አባሎቻችን ያለ ቀበቶ ሌላ ርብራብ ላይ ታዩ። የቀብሩ አፈር ከጫማችሁ ሳይራገፍ! ወገኖቻችን፣ ምን እናድርጋችሁ? ማስታወቂያ ለጠፍን፣ ቀጣን፣ ተቆጣን፤ አልሆነም። አሁን የቀረን ልመና ነው። እባካችሁ፣ ቀበቶ ይሞቃል አትበሉ። ሄልሜቱን የምሳ ሰዓት መቀመጫ አታድርጉት። የበሰበሰ ጣውላ ለዛሬ ብቻ ብላችሁ አትርገጡ። አሠሪዎችም «ቶሎ በሉ» እያላችሁ አታጣድፉን። ሌላ ሰው የምንቀብርበት አቅም የለንም።

ለቅሶ ለመድረስ በሄድንበት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጣቢታ እንዲህ አሉን፦ «የእሱን ቀበቶ መልሱልኝ አልልም። ብቻ ያሰረለት ልጅ እንዳይፈታው።»

ማኅበራችን ለወይዘሮ ጣቢታ፣ ለልጆቻቸው፣ ለቤተ ዘመዶቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ የእግዚአብሔርን መጽናናት ይመኛል። እኛ ግን ገና አልተጽናናንም።

ከሰኞ ጀምሮ በየሳይቱ የጠዋቱ ጸሎት መሃል ላይ ይቆማል። ምሰሶው ይነቀነቃል፣ ጣውላው ይረገጣል፣ ቀበቶ ይታሰራል። «አሜን» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። የሰኞው ተረኛ አናጺ አጵሎስ ነው፤ ያንኑ ቀበቶ ታጥቆ ይመጣል።

ማዕዘን የግንበኞችና የአናጺዎች ማኅበር
ሆሳዕና