አባባ የቀመሱት መኖ

ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የኬላው ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወገቤን ያመኛል ብለህ ነበር፤ አላህ ያሽርህ። እንደ ወጉ እኛም ደህና ነን ልልህ ነበር፤ ግን ደህና አይደለንም። በስልክ ባወራህ መጮሄ አይቀርም፣ አባባም ይሰሙኛል። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

በልጉ ከቀረ ወዲህ ላሞቻችን የማሽላ አገዳ ብቻ እየበሉ ጉልበታቸው አልቋል። የወተት ማኅበራችን ከዋጃና ከሮቢት ማኅበራት ጋር ተባብሮ ከመኖ ጋር የሚደባለቅ የማዕድንና የቫይታሚን ዱቄት ከውጭ አስመጣ። ሊረከቡ የሄዱት አባባ ናቸው። ቆቦ ያለ ሰው ሁሉ "ልጃቸው ጉምሩክ አይደል፣ ምን ቸገራቸው" ብሎ ሸኛቸው።

ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የጉምሩክ ፈታሹ ከረጢቱን አስከፍቶ ምንድን ነው ሲላቸው፣ አባባ ቆንጠር አድርገው ቀመሱና ደግ ነው አሉት። ባለቤቱ ያልቀመሰው ጨው በእኛ ቤት ለከብት እንደማይቀርብ አንተ ታውቃለህ። ፈታሹ ግን "ተረካቢው ራሳቸው በልተው ስላሳዩ ለሰው ምግብ የሚውል ነው" ብሎ ጻፈ። የከብት መኖ ቢባል ቀረጡ ለስሙ ያህል ነበር። የሰው ምግብ ሲባል ላሞቹን ሁሉ ብንሸጥ የማንወጣው ሆነ። የሰው ምግብ በመኖ ስም የሚያሳልፉ ነጋዴዎች አሉ አሉ፤ ይኑሩ! ከረጢቱ ላይ እኮ የላም ስዕል አለ።

ዳልቻዋ ላማችን ከወለደች አስራ አንድ ቀኗ ነው፤ መነሳት አቅቷታል። እኔና ጎረቤታችን ሀጀራ በገመድ ደግፈን እናቆማታለን፣ ተመልሳ ትወድቃለች። እናቷን አትረሳትም መቼም፤ በእሷ ወተት ነው የተማርከው።

ፈታሹ ማን ነው ብዬ አባባን ጠየቅኳቸው። ፊቱን በደንብ አላየሁትም አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃም አጠጣኝ። ያሳደገውን አላህ ይባርከው" አሉ። ላም ገድሎ ውሃ ስላጠጣ ይመረቃል ወይ ብዬ ተቆጣኋቸው።

ትናንት የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘካሪያስ የውሳኔውን ወረቀት አምጥቶ አሳየኝ። የፈታሹ ስም ላይ ማኅተም አርፎበት አይነበብም፣ ፊርማው ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ታውቂዋለሽ ወይ አለኝ። አላውቀውም አልኩት። በልጅነታችን በእኔ ደብተር ጀርባ ስንት ገጽ ልምምድ የተደረገበትን ፊርማ፣ አላውቀውም አልኩት።

ለዘመዱ አዳላ እንዳይባል የሚፈራ ሰው ጉዳዩን ለባልደረባው ያስተላልፋል። ይህን ማንም አይጠላበትም። አባቱን እንደ እንግዳ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የገዛ ቤቱን ወግ እንደማያውቅ ሆኖ አይጽፍም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ባልየው ራሱ ጅብ ሲሆን ምን እንደሚባል ግን የነገረን የለም። ተናድጃለሁ ወንድሜ።

ማኅበሩ በውሳኔው ላይ ያቀረበው ይግባኝ ሐሙስ ይታያል። አባባ እንደገና ይመጣሉ። እባክዎ እዚያ አይቅመሱ ብላቸው "ያልቀመስኩትን አልሰጥም" አሉኝ፤ ስለዚህ ይቀምሳሉ። ያን ጊዜ አለቆችህ ፊት ሰው ሊናገርላቸው ይገባል። እኔ ለእነሱ የሩቅ ሰው ነኝ፣ አያምኑኝም።

ሀጀራ ሰላም ብላሃለች። አባባ ከየሰላቱ በኋላ ያን ፈታሽ አሁንም ይመርቁታል፤ "ያሳደገውንም" ሲሉ ድምፃቸው ይሰበራል። እኔ እስካሁን አሜን አላልኩም። እስከ ሐሙስ አላህ ልብህን ያቅናልኝ።

እህትህ