የጋሼ ዱባለ ሁለት መነጽሮች

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ገበያ ቀዝቃዛ። ጠዋት ለጥገና የመጣ አንድ ካሜራ ከፈትኩ፣ ሌንሱ ውስጥ ጉንዳን ሞቶ አገኘሁ። እንዴት ገባ? ባለቤቱ እኔን ይጠይቃል!

ከሰዓት ጋሼ ዱባለ መጡ። የአባቴ ጓደኛ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሌ ተራራ ላይ ፈቃድ ያላቸውን የውጭ አዳኞች ሲመሩ የኖሩ ሰው። ሁለት የጠመንጃ መነጽር በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ድርጅታቸው ለዚህ ወቅት አንዱን ሊገዛ ነው፤ መራጩ እሳቸው።

«ዘኪ፣ አንተ የመነጽር ሰው ነህ። የቱ ይሻላል?»

አንደኛው የድሮ ነው። ማጉያው አይቀየርም፣ ግን ብርሃን ይስባል። ሌላው አዲስ፣ እንደ ጣሳ የወፈረ፣ ማጉያው የሚጨምር የሚቀንስ። «ማጉላት ብቻውን ምን ያደርጋል ጋሼ? ባጎሉት ቁጥር ይጨልማል፣ የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል» አልኳቸው።

«አባትህ ነው የሚናገረው» ብለው ሳቁ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ነገ ሲመሻሽ ጣሪያ ላይ እንሞክራለን። ኒያላ ከጫካ የሚወጣው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ስለሆነ መነጽርም የሚፈተነው ያኔ ነው ይላሉ። ቀን ላይማ ሁሉም መነጽር ጎበዝ ነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ምን ብዬ ልጻፈው...

ጣሪያ ወጣን። የውሃ ጋኑ ላይ ፎጣ አጥፈን መነጽሩን አስደገፍን፣ ወደ አውቶቡስ ተራ። ፈተናው የአውቶቡሶቹን ታፔላ ማንበብ። በድሮው አየሁ። አጥሩ ሥር የቆመው «ነቀምቴ» ይላል፣ ጥርት ብሎ። በአዲሱ ስመለከት ደብዘዝ አለብኝ።

ተራው የሳቸው ሆነ። ዓይናቸውን አስጠጉ፣ ራቅ አደረጉ፣ ማተኮሪያውን አዞሩ፣ አዞሩ...

«ጅማ» አሉ።

በአዲሱም ሞከሩ። «ጅማ። ይሄም ጥርት ያለ ነው።»

እዚያ ቦታ ድሮ የሚቆመው የጅማ አውቶቡስ ነበር። እዚህ ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቃል። በዓይናቸው አልነበረም ያነበቡት... በትዝታ ነበር።

ዞረው አዩኝ። «ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት ጋሼ።»

ይሄ አፌ! ግን እንዴት ይባላል? ልጅ ሆኜ የጫማዬን ክር ያስሩልኝ የነበሩ ሰው ናቸው። «ዓይንዎ አያይም» ይባላሉ? «የድሮው መስታወት ሻጋታ ሳይዘው አልቀረም፣ ላጽዳልዎት» ብዬ ተቀበልኳቸው። መስታወቱ ምንም የለበትም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ጁምዓ አንዋር መስጊድ ሰገድኩ። ሰጋጁ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ዱዓ ላይ እንኳ እሳቸው ናቸው ሐሳቤ። ሲመጡ እነግራቸዋለሁ። አለቀ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

አልነገርኳቸውም።

ነገ ወደ ባሌ ሊነሱ ነው፤ መጥተው የድሮውን መረጡ። «አንተ ካልከው አልወጣም» አሉ። በር ላይ ደርሰው ቆም... «ሌላ የምትለኝ የለም?»

«በሰላም ይመለሱ ጋሼ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰውን በሽታ የደበቀስ?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ከባሌ ወሬ የለም። እዚያ ጫካ ስልክ አይሠራም። ወሬ ከሌለ ደህና ናቸው ማለት ነው... አይደል?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ልጃቸው አዲስዓለም ደወለች። ተመልሰዋል፤ ሰው አያናግሩም።

እንደነገረችኝ፣ ሲመሻሽ አንድ ኒያላ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሟል። ገላው እንጂ ጭንቅላቱ አይታይም። ጋሼ በመነጽሩ አዩና «ቀንዱ ይታየኛል፣ ወንድ ነው» አሉ። እንግዳው አዳኝ አምኗቸው ተኮሰ። ሴት ነበረች። ቀንድ ያሉት የአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ሴት መግደል ክልክል፣ ለሳቸው ደግሞ ከክልክልም በላይ ነውር። ግልገሏ ሳትሸሽ አጠገቧ ቆማ ቀረች አለችኝ። ራሳቸው ለዱር እንስሳት ጠባቂዎች ሄደው ተናገሩ፣ የመሪነት ፈቃዳቸውንም አስረከቡ።

ዛሬ ሐኪም ጋ ወስዳቸው ነበር። የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ነው ተባለች።

ያን ቀን ብናገር የአንድ ወር መቅደሙ ለዓይናቸው ምን ለውጥ ያመጣ ነበር? አላውቅም። ለኒያላዋ ግን ያመጣ ነበር። ለስማቸውም።

ምነው አፌን በከፈትኩት...

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ቤታቸው ሄድኩ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ታፔላው ነቀምቴ ነበር የሚለው» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ደነገጥኩ። «ያውቃሉ?»

«ጅማ የሚል አላየሁም። ምንም አላየሁም፤ ገምቼ ነው። ልክ ነዎት ስትለኝ ድምፅህ ተንቀጠቀጠ፣ ያኔ አወቅሁ። ዘኪ፣ የስንት እንግዳ መነጽር ስመርጥ የኖርኩ ሰው የቱ እንደሚሻል ጠፍቶኝ ይመስልሃል መርካቶ የመጣሁት? ዓይኔን ላስፈትን ነበር። ለልጄ ብነግራት ታለቅሳለች። ለድርጅቱ ብናገር በቃህ ይሉኛል። አንተ ግን አትደብቀኝም፣ ትነግረኛለህ ብዬ ነው።»

«ፈራሁ ጋሼ። ይሉኝታ ያዘኝ።»

«እኔም ፈራሁ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ፣ ዝም ስትል ደግሞ ደስ አለኝ። እሷ ደስታ ናት የምትቆጨኝ። ሁለት ፈሪ ጣሪያ ላይ!» ብለው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ዛሬ አዲስዓለም ሱቅ አድርሳቸው ሄደች። «ጣሪያ እንውጣ» አሉ። ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፉ። የሱቄን አቅርቦ ማያ መነጽር ይዤ ወጣሁ።

«በል አንብብልኝ። አጥሩ ሥር ያለው... ጅማ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ዛሬም ነቀምቴ ነው። ታፔላው ጠርዙ ላይ ተልጧል።»

«እሺ። ቀጥል።»

ቀጠልኩ። አንዱን ማንበብ አቃተኝና አልታየኝም አልኳቸው። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጀምበሯ ጠለቀች፣ አውቶቡሶቹ እየጠቆሩ ሄዱ።

«አሁንስ?»

«አሁን እኔም አላይም ጋሼ።»

ትከሻዬን ያዙ። ደረጃውን አንድ በአንድ እየነገርኳቸው ወረድን።