አልለቅም ያለው ሶኬት

የካቲት 3፣ ሰኞ። ጠዋት 4፡20

የቻርጅ ማሽኔ ሶኬት ዛሬም መኪና ላይ ያዘ። ያው የመ/ር ይስማው የኤሌክትሪክ መኪና። ስክሪኑ መቶ ይላል፣ ሶኬቱ ግን አልወጣም። ቁልፉን ተጫኑ፣ በር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። "ቀጭ" የምትለዋ ድምፅ የለችም። እሷ ሳትሰማ መጎተት ክልክል ነው፤ ግድግዳው ላይ በእጄ ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

ደብተሬ፣ አንቺ መኪና ስለማትነጂ ላስረዳሽ። ቻርጅ ሲጀምር ከመኪናው መሰኪያ ውስጥ ጣት የምታህል ብረት ወጥታ ሶኬቱን ትቆልፈዋለች። ባለቤቱ በቁልፉ ሲከፍት ትመለሳለች። ሰው ኮረንቲ ያለበትን ሶኬት እንዳይነቅል ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ሲሠራ።

ወረፋው አራት መኪና። ስማቸው፣ የቡሬው ሚኒባስ ሹፌር፣ ጡሩንባው ላይ ተኛበት። ማደያ ቤንዚን ስቀዳ እንኳ እንዲህ አልተጮኸብኝም። መጨረሻ ላይ የኋላ ኮፈን ከፍቼ ምንጣፉ ሥር ያለችውን ቢጫ የአደጋ ገመድ ሳብኩ። ለቀቀ።

መ/ር ይስማው መረቁኝ። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው። ጡረታ ወጥተው ያላቸውን ሁሉ እዚህች መኪና ላይ አዋሉ። ቅዳሜ ምእመናን ይዘው ግሽ ዓባይ ይወርዳሉ፣ ሰኞ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ለእማዬ በትንሽ ጄሪካን ጸበል ያመጡላታል፤ ጉልበቷን ያማታል። እሷም ሰኞ ሰኞ ምሳዬን ይዛ ግቢው ዛፍ ሥር ትጠብቃቸዋለች።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ። ከ/ሰዓት

ማሽኑ ያለበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ አሠሪዬ፣ ጠራኝ። ሶኬቱን እንደ ቤንዚን ቱቦ ነው የምትይዢው አለኝ። ከተበላሸ ማሽኑን አስነቅሎ ግቢውን የሠርግ አዳራሽ ያደርገዋል። እኔስ? አልጨረሰውም፣ ገባኝ።

በንዴት ምሳ አልበላሁም። (በኋላ በልቻለሁ። አንቺን ምን እዋሽሻለሁ።)

የካቲት 10፣ ሰኞ። 5፡00

ያዘ! ሦስተኛ ሰኞ። የሌላ ሰው መኪና አይዝም፣ የእሳቸው ብቻ። ቢጫዋን ገመድ ሳብኩ። ቀና ስል ባለቤቱ ከጀርባዬ ቆሟል። ሶኬቱን ማነው እየሰበረ ያለው አለ። ሹፌሮቹ ሁሉ ያዩኛል። እንጀራዬ ሲቀር ታየኝ። አፌ ቀደመኝ።

"መምህር ሳይከፍቱ ይጎትታሉ" አልኩ።

እጃቸው ሶኬቱ ላይ ነበር፣ እውነት ነው። ሲጎትቱ ግን አላየሁም። ባለቤቱ በሰው ፊት ከእንግዲህ እዚህ ግቢ እንዳይገቡ ነገራቸው። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸውን ሰው።

መምህር ወደኔ ዞሩ። ሰሌዳ ላይ ስሳሳት እንደሚያዩኝ አዩኝ። ያኔ አይቆጡም ነበር፤ ዳስተሩን ይሰጡኝና ራስሽ አጥፊው፣ ራስሽ አስተካክለሽ ጻፊው ይሉኝ ነበር። ዛሬ፦

"ካልሽ ይሁን፣ የሺ።"

ሄዱ። የእማዬን ጸበል ግን ቀድመው ሰጥተዋት ነበር።

የካቲት 12፣ ረቡዕ። 8፡00

ሰላም ነው። ምንም አልያዘም። አላልኩም? ጥፋቱ የእሳቸው ነበር።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ስማቸው መጣ። መ/ር አሁን ቻርጅ ለማድረግ ቡሬ ድረስ ይሄዳሉ። ወረፋ ጠብቀው ሲመለሱ ተሳፋሪው በሌላ መኪና ሄዷል። መኪናዋን የሚገዛ ሰው እያፈላለጉ ነው አለኝ። እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ። 7፡15

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

መ/ር በእግራቸው መጡ። ግሽ ዓባይ ከሄደ ሰው ያስመጡትን ጸበል ይዘው። አትግቡ ስለተባሉ በሩ ላይ ቆሙ። ምሳዬን ይዛ የመጣችውን እማዬን በዘበኛው አስጠሯት፣ ሰጧት፣ ጉልበቷን ጠየቋት፣ ሄዱ። እኔን አልጠየቁም። ማሽኑ ኋላ ተደብቄ ነበር። ትልቅ ሴትዮ!

እማዬ ስትመለስ የስማቸው ሚኒባስ የመሰኪያዋን ክዳን ከፍታ ተራዋን ትጠብቃለች። እማዬ ቆመች። ጄሪካኑን ከፈተች። በእፍኟ ጸበል ቀድታ መሰኪያው ውስጥ ረጨች። ሮጬ እጇን ያዝኩ።

"እማ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"የመምህሩ መኪና የለችም፣ ለዚህች ይድረሳት ብዬ ነዋ። የምትበላው በዚህ አይደል? ማዕድ ሳይባረክ ይበላል እንዴ?"

ሰኞ ሰኞ፣ እኔ ዞር ስል፣ የመ/ሩን መኪና ስትባርክ ኖራለች። ውለታቸውን በምን ልመልስ ብላ። ወደ ግሽ ዓባይ የሚወስደው የሰቀላ መንገድ አቧራ፣ ላዩ ላይ ውሃ። ጭቃ ነው የሆነው። ብረቷ ጭቃ ውስጥ ተይዛ ነው አልመለስ ያለችው። እኔ ከፍቼ ባየው ኖሮ በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር። ጣቴን ከመሰኪያው ይልቅ ወደ ሰው ቀሰርኩ።

መሬት ተቀመጥኩ። አመመሽ ወይ አለችኝ። ውሃና መብራት አብረው አይሆኑም፣ አደጋ ነው አልኳት። ሌላውን መናገር አቃተኝ። መሰኪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ስማቸውን እስኪደርቅ ጠብቅ አልኩት። ተነጫነጨ። ነገሩ ሲገባው ዝም በይ አለኝ፤ ጭቃው ከደረቀ ነገሩም ይደርቃል፣ እንጀራሽን አትርገጪ። አልዋሽሽም፣ ምክሩ ጣፈጠኝ።

የካቲት 16፣ እሁድ። ጠዋት 3፡00

ቅበላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በግ ይዟል። ነገ ሁዳዴ ይገባል። የሰው ስም አጥፍቼ ከሥጋና ከቅቤ ብጾም ምን ዋጋ አለው?

ከቤ/ክ ስንመለስ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። አውልቃ የጣለችውን ነጠላ መልሳ አነሳች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ አለች። በዚያ ጉልበቷ! ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ዕንባዬ። ውሃው ያንቺ ነው እማ፣ ቃሉ ግን የኔ ነው አልኳት። አብራኝ ከመሄድ ግን አልከለክላትም።

ስለዚህ፦ አሁን እሳቸው ቤት። መኪናዋን እንዳይሸጡ። ደረቅ ጨርቅና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዣለሁ፣ መሰኪያዋን አጸዳለሁ። ነገ 4 ሰዓት፣ ወረፋው ሲሞላ፣ ባለቤቱና ሹፌሮቹ ሁሉ ባሉበት፣ መምህር አልጎተቱም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ እላለሁ። የተባሉት በሰው ፊት ነው፣ ነገሩ የሚነሣላቸውም በሰው ፊት ነው። ካባረረኝ ያባርረኝ። እፈራለሁ፣ ግን ያባርረኝ።

በራቸው ላይ ምን ብዬ እንደምጀምር ነው የጨነቀኝ። ምናልባት እንዲህ፦ መምህር፣ ተሳስቻለሁ፣ ዳስተሩን ስጡኝና ራሴ —

እማዬ ትጣራለች። ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።