እማዬ ጻፊ ያላለችኝ

እህቴ አስኩ፣ አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናዘዝ፤ እኔ ታናሽሽ መቅደላዊት፣ እማዬ ከነገረችኝ በላይ ጨምሬ እየጻፍኩ ነው።

እሷ ጻፊ ያለችኝ ይህን ነው፦ «ልጄ አስካል፣ እመብርሃን ባለሽበት ቤሩት ትቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሽንኩርቱን ግን ሙቀቱ ፈጀው። ሰሊማንም ልጇንም ይቅር ብያለሁ። አንቺም ቂም አትያዢ።»

እኔ የማየው ሌላ ነው። ወንድማችን የሞተበትን ባጃጅ የነዳው የእትዬ ሰሊማ ልጅ ስለሆነ፣ እማዬ በደጃቸው ላለማለፍ ገበያ የምትሄደው በወንዙ ዞራ ነው። «ለነፋሱ ብዬ ነው» ትላለች፤ እግሯ በድንጋይ ቆስሏል። ለፋሲካ፣ ሙስሊም ያረደው የእትዬ ሰሊማ ዶሮ ለብቻው የሚሠራበትን ድስት ዘንድሮም አጥባ ባዶውን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። የንስሐ አባታችን «የተቀየምሽው ሰው አለ?» ሲሏት «ማንም የለ» ብላ ስግደት ጨመረች። አባም አመኗት፤ ምሳ ከቀረበላቸው የማያምኑት የለም።

እማዬ ማንበብ ባትችልም ደብዳቤው መርዘሙን አየች። «አንብቢልኝ» አለች። ሁሉንም አነበብኩላት። ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ልሰርዘው እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«መቅደላዊት» አለችኝ፣ «አትሰርዢው። ይቅር አላልኩም፤ እንድችል ጸልዪልኝ ብለሽ ጨምሪበት።»