የጋራ ጣሪያችን አይጦች

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ልብስ አጠብኩ። ዝናብ መጣና ሳይደርቅ አስገባሁት። ድንች ቀቅዬ በላሁ። ሌላ ምን አለ… አዎ፣ ኮርኒሱ ላይ የሆነ ነገር ሮጠ። በቀን! ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ተነስቶ እስከ ጎረቤቴ ቲኑስ ግድግዳ። ድመት አይደለም። ወፍም አይደለም። ወፍ ጫማ እንዳደረገ ሰው አይረግጥም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

መሰላል ይዤ ኮርኒሱ ላይ ወጣሁ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ። በጠጥ አለ… ጥቁር፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ከሩዝ ፍሬ ረዘም የሚል። አግዳሚው እንጨት ላይ ደግሞ ቅባት የተቀባ የሚመስል መስመር። ሲመላለሱበት ሆዳቸው ያሻሸው መሆኑ ነው። መንገድ ሠርተዋል! እዚህ ሰፈር መንገድ ለማስጠገን አራት ዓመት አቤት ብለናል፤ እነሱ በአንድ ወር ጨርሰዋል።

አይጥ ናቸው። ከየት እንደመጡ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ቲኑስ ነው። የሱና የኔ ቤት አንድ ጣሪያ ነው ያለው፤ ከላይ የሚለየን የሳንቃ ግድግዳ ብቻ። እሱ ደግሞ ዶሮ ያረባል። በቆሎውን እንደ ሠርግ ሩዝ ይበትነዋል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

በአጥሩ ላይ ሆኜ ነገርኩት። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አይጦችህ ቤቴ ገብተዋል።»

«አይጦቼ? ስም አውጥቼላቸዋለሁ እንዴ?»

«በቆሎህን ሰብስብ።»

«በቆሎዬ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ነው። አንቺ ሴትዮ፣ የራስሽን ግቢ እይ።»

ውሻው ቤሎ ጅራቱን እየቆላ መጥቶ እጄን ላሰኝ። ሞኝ። ጌታው ከማን ጋር እንደተጣላ እንኳ አያውቅም።

ባሌን ዊምን በቀበርንበት ቀን ቲኑስ ሣር ሲያጭድ ነበር። እኔ ሬሳ ልሸኝ ስወጣ ማሽኑ ያጓራል። ከእንዲህ ያለ ሰው ምን ይጠበቃል?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ወጥመድ ከነአይቡ ካስቀመጥኩ አምስት ቀኔ። ንክችም አላደረጉትም። አቧራው ላይ ዱካቸው ይታያል፤ ዙሪያውን ዞረው ሄደዋል። አይቡ ድንጋይ ሆነ።

እህቴ ሚያ ደግሞ በስልክ «ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ አለ፤ እኛ አንሰማውም፣ እነሱን ግን ያሳብዳቸዋል» አለችኝ። ገዛሁ። ሰካሁ። ዛሬ አናቱ ላይ በጠጥ አገኘሁ። ማን እንዳበደ ግልጽ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ጠፋ። ገመዱን በልተውታል። መዳቡ ተላጦ ይታያል፤ አጠገቡ ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ጣሪያው ውስጥ ከተነጠፈው ጥጥ የሠሩት ጎጆ። እሳት ቢነሳስ? ቤቱ ከነእኔ…

የዊም ዕቃ ቤት ውስጥ አሮጌ የአይጥ መርዝ አለ። ሰማያዊ ፍሬ። አሁን ተከልክሏል፣ ባለሙያ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው ይላሉ። አይጥ ለመግደል ዲፕሎማ!

በሦስት ሳህን ሞልቼ አኖርኩላቸው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ሦስት ቀን ዞር ብለው አላዩትም። ዛሬ ሳህኖቹ ሙልጭ። ብሉ። ጥገቡ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

አሁንም ይሮጣሉ። ያን ሁሉ መርዝ በልተው? የት ገባ ታዲያ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ጠዋት በመስኮት አየሁ። ቲኑስ ቤሎን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ መኪናው ይሄዳል። የውሻው አፍንጫ ይደማል። የሰውየው ሸሚዝ በደም ተበክሏል። በሩን ከፈትኩ… ለምን እንደከፈትኩ አላውቅም።

«ድዱም ይደማል» አለ። ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ። «ምን እንደነካው አላውቅም።» ሄደ።

እኔ ግን ጠረጠርኩ። መሰላሉን ወጣሁ። ከሳህኖቹ ጀምሮ እስከ ሳንቃው ስንጥቅ ድረስ ሰማያዊ ፍሬ ተንጠባጥቧል። አልበሉትም። አጓጉዘውታል! ከስንጥቁ ማዶ፣ ልክ ከሥሩ ወዳለው የቲኑስ ማገዶ ክምር። ቤሎ ከሚተኛበት።

ቁጭ አልኩ። ማን ያውቃል? ማን አየኝ? መርዙ ከአይጥ አፍ ነው የወደቀ እንጂ ከእጄ አይደለም… እንዲህም አሰብኩ። ይጻፍ። ሰውየውን አሥራ አንድ ዓመት አረመኔ ስለው የኖርኩ ሴት እንዲህ አሰብኩ።

ፓኬቱን በፌስታል ጠቅልዬ በዝናብ ብስክሌቴን ጋለብኩ። የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ስደርስ ቲኑስ ወንበር ላይ ጎብጦ ተቀምጧል።

«የበላው ይህን ነው» አልኩ።

ዶክተሯ ፓኬቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ጽሑፉን አነበበች። «ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው! መቼ?»

«ከረቡዕ ጀምሮ ይመስለኛል።»

እየሮጠች ገባች። ቲኑስ ቀና አለ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሆን ብለሽ?»

«ለአይጦቹ ነበር…»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ዶክተሯን ተከትሎ ገባ። ቢሰድበኝ ምናለ? ተዘጋጅቼ ነበር እኮ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ቤሎ በሕይወት አለ። መድኃኒቱን ለሳምንታት መዋጥ አለበት። ዶክተሯ ደወለችልኝ፤ «ያንን ፓኬት ባያመጡ ኖሮ በምን እንደምናክመው እስክናውቅ ይሞት ነበር» አለች። ምስጋና መሆኑ ነው? ለገዳይዋ?

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ ግን አይጧም አልበላች።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ባለሙያ ጠራሁ። ኔል ትባላለች፤ ክንዷ የኔን እግር ያክላል። የተረፈውን መርዝ ሁሉ ከሁለቱም ቤት ለቅማ አወጣች። ከዚያ ደጅ ወጥታ ወደ ላይ አየች።

«እማማ ድሪካ፣ አይጦቹ የሚገቡት በርስዎ በኩል ነው።»

እማማ! «በኔ?»

«ይኸው፣ የወይን ሐረግዎ አሸንዳው ላይ ደርሷል። እነዚህ እንደ ቦይ አይጥ ከመሬት አይመጡም። ሐረግ፣ ሽቦ፣ ቅርንጫፍ… ላይ ላዩን ነው መንገዳቸው። ማዶ ያለው የአሳማ በረት ሴፕቴምበር ላይ ሲፈርስ ቤት አጡ፤ እርስዎ ደግሞ መሰላል ዘርግተው ጠበቋቸው።»

ከቲኑስ በቆሎ አንድ ፍሬ ኮርኒሱ ላይ አልተገኘም። የኔ ወይን ፍሬ ግን ሞልቷል።

ወጥመዱንም ተሳስቼ ነው ያጠመድኩት። አዲስ ነገር ይፈራሉ። የለውዝ ቅቤ ቀብቶ፣ ሳያጠምዱ፣ በሚሄዱበት እንጨት ላይ ሳምንት መተው ነው። ሲያምኑ ይጠመዳል። ሠርጌም እንዲሁ ነበር።

«ጎረቤትዎ አብሮ ካልሠራ ግን ልፋት ነው። ጣሪያው አንድ ነው» አለች ስትወጣ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

የቲኑስን በር አንኳኳሁ። አልከፈተም። ቤት ነበር።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

መሰላልና መጋዝ ይዞ ራሱ መጣ። ሰላምታ የለም።

«ሐረጉን ልቁረጠው?»

ዊም የተከለው ነው። «ቁረጠው።»

ቆረጠ። እኔ ከሥር ቅርንጫፉን እሰበስባለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር… የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ዊም የተቀበረ ቀን ሣርህን ማጨድ ነበረብህ?»

መጋዙ ቆመ። «ሣሬን? ያንቺን እኮ ነው ያጨድኩት። እንግዳ ይመጣል፣ ጉልበት ድረስ በቅሎ ነበር። ዊም ታሞ ማን ያጭደው?»

የፊት ለፊቱን ሣር ያን ቀን አይቼዋለሁ? ምንም አላየሁም። ማሽኑን ብቻ ሰማሁ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ? ፊትሽን አዙረሽ አሥራ አንድ ዓመት!»

«ይቅርታ» አልኩ። ለሣሩ። ለውሻውም።

«ለውሻው ገና ነው» አለና መጋዙን ቀጠለ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

እስከ ዛሬ አሥራ አንድ አይጥ። እኔ የለውዝ ቅቤ እቀባለሁ፣ እሱ የሞቱትን ያወጣል። «ዳቦ የምትቀቢ መስሎሽ ነው? ጠብታ ይበቃል!» ይለኛል፤ ንግግሩ ያናድዳል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ወንፊት ደፈንን። አውራ ጣቱን በመዶሻ መታ። እኔን ወቀሰ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 23

ኮርኒሱ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዱካ የለም። አቧራው ንጹሕ።

ቲኑስ ለገና ልጁ ዘንድ ሄደ። አራት ቀን። ጠዋት በሬ ላይ ቆሞ ቁልፉን ሰጠኝ፤ ከዚያ ገመዱን። በገመዱ ጫፍ ቤሎ።

«ለኔ?» አልኩ።

«ለማን ልስጠው፣ ለዶሮዎቹ?»

የተጻፈ መመሪያም ትቶልኛል። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ጠዋትና ማታ ይውጣ፤ ሶፋ ላይ እንዳይወጣ። መጨረሻው ላይ ሁለቴ ተሰምሮበታል፦ «ከፓኬት የወጣ ነገር እንዳትሰጪው።»

ስድቤን ከነመስመሩ ተቀብያለሁ።

ውሻው ሶፋዬ ላይ ነው። ያንኮራፋል። ይህን ሁሉ ጸጉር ማን ሊጠርገው ነው?