መርፌውን ሳልወጋ የቆየሁበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የሥራ ጓደኛዬ ማሩ የወንድ ሆርሞን መርፌውን በካልሲው ውስጥ ደብቆ አመጣልኝ። ከዚያ ካልሲ ሽታ የተረፈ መድኃኒት ሬሳ ያስነሳል አልኩት። አልሳቀም። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እኔ ሦስቴ ተወግቼ ነው ይሄን ክንድ ያወጣሁት። አንተ ደግሞ ወረቀት አለህ፤ ምን ትጠብቃለህ?»

ወረቀቱ ባለፈው ሳምንት እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያው አጠገብ ካለው ላቦራቶሪ የወሰድኩት ነው። የወንድ ሆርሞን፦ ዝቅተኛ። የላቦራቶሪው ልጅ ከሥሩ በቀይ አስምሮበታል። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ይህን ቀይ ላለማየት ነበር፤ ተከትሎኝ መጣ።

ለምን እንደተመረመርኩ እዚህ ልጻፈው፤ ለሰው ብነግር ይስቅብኛል።

እንቅልፍ፦ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ደክሞኝ እነሳለሁ።
ጉልበት፦ ማሩ ሦስት ነዶ ሰሊጥ ሲያስር እኔ አንድ።
ጺም፦ የጎረቤት ፍየል ትበልጠኛለች።
ከሚስቴ ከትርንጎ ጋር ያለው ነገር፦ አልጽፈውም። ሦስት ወር ሆነው።

ዛሬ ሰሊጡ መሀል ዓይኔ ጨልሞብኝ ቁጭ አልኩ። አጫጆቹ በሙሉ አጨበጨቡልኝ! ጥፋቱ የኔው ነው። አምና እባብ ነደፈኝ ብዬ ጮኼ እስከ ትራክተሩ ድረስ ተሸክመውኝ ነበር፤ እዚያ ስንደርስ ወረድኩና አመስግኜ በእግሬ ሄድኩ። አሁን ብሞት ሦስት ቀን ሳይጠብቁ አይቀብሩኝም።

ማታ ቤት ስገባ እማ በትርንጎ ፊት እንዲህ አለችኝ፦ «የልጅ ልጅ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ጸበልም ሁለቴ ወሰድኳት። ለሚካኤል ሽማግሌ ጠርቻለሁ፤ ወደ እናቷ ትመለስ፣ አንተም ሌላ ታገባለህ።» ትርንጎ ምስር እየለቀመች ነበር። ጣቷ አላቆመም፤ ግን ድንጋዩንም ምስሩንም አንድ ላይ ትጥል ጀመር።

ሚካኤል ዓርብ ነው። ነገ ማሩ ይወጋኛል። ጉልበቴ ይመለሳል፣ ልጅ ይመጣል፣ የሁሉም አፍ ይዘጋል። ቆርጫለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ትርንጎ መርፌውን ከጨው ቆርቆሮው ውስጥ አገኘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለአህያ ነው።»

«አህያ የለንም።»

«አለሽ እንጂ፣ አግብተሽዋል።»

አልሳቀችም። እሷ ዓረብኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። ከመርፌው ሳጥን ውስጥ ያለችውን ቀጭን ወረቀት ዘርግታ፣ በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ድረስ አነበበችው። ማሩም እኔም ያንን ወረቀት ለመክፈት እንኳ አላሰብንም ነበር። ከዚያ ቀና ብላ «ዘር ሊያደርቅ ይችላል፣ ልጅ የሚፈልግ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ ይላል» አለችኝ። «አንተ የምትፈልገው ልጅ ነው ወይስ ክንድ?»

መርፌውን ወደ ቆርቆሮው መልሼ ጫማዬን ፈለግሁ።

ከሰዓት ሐኪሙ ጋ ሄድን። ከካርቱም ተፈናቅለው የመጡ ናቸው፤ አንዲት የተከራዩዋት ክፍል ውስጥ ያክማሉ። ቀዩን ወረቀት አዩና መጀመሪያ የጠየቁኝ ደሙን በስንት ሰዓት እንደሰጠሁ ነው። ከሥራ መልስ፣ ማታ አካባቢ አልኳቸው። በጠዋት ከሄድኩ የሠራተኛ መኪናው ያመልጠኛል፤ እኛ ሁላችንም ሐኪም ቤት የምንሄደው ከሥራ መልስ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ሆርሞን በጠዋት ይበዛል፣ እየመሸ ሲሄድ ይቀንሳል አሉ። ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ ሲያጭድ በዋለ ሰው ደም አይፈረድም፤ በጠዋት እንደገና ይታያል።

መርፌውስ?

«የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ጠላት አይደለም። ግን ከውጭ ሲገባልህ ሰውነትህ ሌላ ሠራልኝ ብሎ ሥራውን ያቆማል። የዘሩንም ሥራ ጭምር።»

«አለቃው ዞር ሲል እንደምተኛው እንደ እኔ ነዋ» አልኳቸው። ሳቁ። ትርንጎም በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ አየኋት።

ከዚያ ለነገ አንድ ትንሽ ኩባያ ሰጡኝ። ምን እንደሚሞላበትም ነገሩኝ። ከሚስትህ ሦስት ቀን ርቀሃል ወይ አሉኝ። ዱክቱር፣ ሦስት ወር ቢሉኝ ይቀላል አልኳቸው። ይህን ስል የሳቀ የለም። እኔም አልሳቅሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መኪናው በር ላይ ሦስቴ ጡሩንባ ነፋ። አልወጣሁም። ማሩ ከላይ ሆኖ «አረገዝክ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። የራሴን ቀልድ በራሴ ላይ!

ደም ሰጠሁ። ስለ ኩባያው አልጽፍም። ይህን ያህል ብቻ፦ ግድግዳው ስስ ነው፣ ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሳያቋርጡ ያስሉ ነበር፣ ሳል ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚያግዝ ነገር አይደለም። ግን ተወጣሁት።

ውጤቱ ነገ ነው። እኔ ግን ነገን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ለእማ ነገርኳት። «እማ፣ ጉድለቱ ከትርንጎ ላይሆን ይችላል። ከኔ ሊሆን ይችላል።»

ሳቀች። ትንሽ ሳይሆን ሆዷን ይዛ። ከዚያ ተቆጣች። «እሷን ለማስጣል ደግሞ ይቺን ፈጠርክ? ወንድ በራሱ ላይ እንዲህ ያወራል?»

«በሚካኤል!»

«በሚካኤል አምናም ምለሃል። በሬያችን ወለደ ብለህ ጎረቤቱን ሁሉ በረት አምጥተህብኛል።»

እውነት ነው። ብዙ ሰው ነበር የመጣው።

«እንግዲያው ነገ አብረሽኝ ሐኪሙ ጋ ነይ።»

«እመጣለሁ» አለች። «ስትዋሽ ልይዝህ ነው የምመጣ።»

ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው እንዲያምነኝ ይህን ያህል ፈልጌ አላውቅም። ነገ ታምነኛለች። ጀርባዬ ላይ አዝያትም ቢሆን እወስዳታለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

በራክሻ፣ በአገር ቤቱ ባጃጅ፣ ሄድን፤ ሦስታችን ከኋላ ተጣብበን፣ እማ በመሀላችን እንደ ዳኛ።

ውጤቱ፦ ሆርሞኑ በጠዋቱም ደም ዝቅተኛ ነው። ዘሩም ጥቂት ነው። ዱክቱር በዓረብኛ ነገሩኝ፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልስላት ጀመር። እማ ኖራ ኖራ ከዓረብኛ የምታውቀው የሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው። ሁለት ቃል ሳልጨርስ «አንተ አቁም! ሚስትህም እንዳትተረጉምልኝ!» አለችኝ። በሩን ከፍታ ወረፋ ወደሚጠብቁት ሰዎች ወጣችና «እኅቶቼ፣ አማርኛም ዓረብኛም የምታውቅ አለች?» አለች።

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር።

አንዲት እጇ በፋሻ የታሰረ ሴት ተነሣች። አነጋገሯ ትግርኛ ትግርኛ ይላል። ዱክቱር ዓይኔን አይተው ትፈቅዳለህ ወይ አሉኝ። ለማላውቃት ሴት! ትርንጎን አየኋት። መሬት መሬት ነበር የምታየው፣ ነገ እንደሚባረር ሰው። አይዋ፣ እሺ አልኩ። ትስማ። አገር ይስማ።

ሴትዮዋ አዳመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናቴ፣ ልጁ እውነቱን ነው ይላሉ። በሚስቱ በኩል እስካሁን የታየ ጉድለት የለም፤ በእሱ በኩል ግን አለ» አለቻት።

እማ አሁንም አንገቷን እንዳጣመመች ናት። «አስጠንቶሽ እንዳይሆን» አለቻት። ምስኪን፣ በሽታዋን ልትታይ መጥታ!

ቀጥሎ ዱክቱር በልጅነቴ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ እንደሆነ ጠየቁ። እኔ የማስታውሰው አገጬን በሻሽ ታስሬ ልጆች ሲስቁብኝ ነው። ሴትዮዋ ጥያቄውን ለእማ ተረጎመችላት፤ በዚያ ጊዜ እብጠቱ ወደ ታች፣ ወደ ቆለጡ ወርዶ ነበር ወይ?

እማ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች።

«መፋዛ እርሻው ላይ ሳለን ነው» አለች በመጨረሻ። «አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ለአጫጆች ወጥ እሠራ ነበር። ፊቱን ጥላሸት ቀባሁት። ከታችም አብጦ ዘጠኝ ቀን መራመድ አቅቶት ነበር። ወንድ ልጅ ነው፣ ያፍራል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪምም ቤት አልወሰድኩትም።»

ሴትዮዋ መተርጎሙን ረስታ የእማን ትከሻ ያዘች። ዱክቱር ግን ገብቷቸዋል።

ቀስ ብለው አስረዱን። ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ እርግጡን የሚነግር ሌላ ምርመራ ይቀራል። መርፌው አሁን አይሆንም፤ ያለችውን ጥቂት ዘር ሊያጠፋት ይችላል። ጊዜው ሲደርስ እሳቸው እያዩ ይሰጡኝ ይሆናል። ለአሁኑ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ምርመራ። «ጥቂት ማለት የለም ማለት አይደለም» አሉ። ቃል ግን አልገቡልንም።

ወደ ቤት ስንመለስ እማ መሀል አልተቀመጠችም። ከዳር ሆና መንገድ መንገዱን ታይ ነበር።

ለማሩም ነገርኩት። ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው። ክንዱን አየ፣ ከዚያ «ሐኪሙ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሁለት ናቸው፣ ጋቢያቸው ነጭ፣ ፊታቸው ሰው ለማፋታት የተዘጋጀ። ትርንጎ ልብሷን በፌስታል አድርጋ በሩ ጥግ አስቀምጣ ነበር። ትናንት ያን ሁሉ ሰምታ እንኳ አላመነችንም። እኔን ነው ያላመነችው ወይስ እማን? አልጠየቅኳትም።

እማ ቆማ ጀመረች። «የጠራኋችሁ ለሌላ ነበር። አሁን ግን ከምራቴ ጋር አስታርቁኝ። በድያታለሁ። ልጅ ያጣነው በእሷ አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታላቅየው፣ አያ ተሰማ፣ «ታዲያ በማን ነው?» አሉ።

«በኔ ነው» አልኩ።

«ደሞ ጀመረ!» አሉና ከዘራቸውን አነሡ። ሌላውም ሳቁ።

እማ አልሳቀችም። «ዛሬስ እየቀለደ አይደለም። እኔ ምስክር ነኝ» አለች።

ከዘራው ወረደ። በሕይወቴ ሰው ዋስ የሆነልኝ ገና ዛሬ ነው።

እማ ጎንበስ ብላ የትርንጎን ጉልበት ልትይዝ ስትል ትርንጎ ቀድማ ያዘቻት። ቶሎ ግን አልማረቻትም፣ እውነቱን ለመጻፍ። ከዚያ «እማ፣ ሁለት ጊዜ በዚያ ብርድ አስጠመቁኝ» አለቻት። «አሁን ተራው የእሱ ነው።»

አያ ተሰማ ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ። እሑድ በጠዋት ነው አሉ፤ ዱክቱርም ጸበልም በጠዋት ሆነብኝ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ትርንጎ ልብሷን ከፌስታሉ እያወጣች ስታጥፍ «ሦስት ወር ጠብቀን ባይሆንስ?» አለችኝ።

ቀልድ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ጥሩ ቀልድ። ዋጥኩት።

«አላውቅም» አልኩ።

«አላውቅም ስትል ገና ዛሬ ሰማሁህ» አለችና ቀሚሷን ለማጠፍ አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። ያዝኩላት።

ሦስት ወር ማለት የካቲት ነው። አብራኝ ትመጣለች፤ ውጤቱን ራሷ ታነበዋለች። እኔ የምፈልገው ፊቷን እያየሁ መስማት ነው።