የጓሮው አራት ሜትር

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ አበባ፣ ለልጄ ለዕድላዊት፤ ዱባይ

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው አጥሩ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስናወራ አባትሽ ጆሮውን አቁሞ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። ደብዳቤውን ለእረፍት የመጣችው ኖላዊት ወደዚያ ስትመለስ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ፖስታው ተከፍቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

ሰሊሆም የእህቴ ልጅ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ አንቺ ገንዘብ የምትልኪበትን የአዲሱን አጥር ግምት ጽፎ ሲያመጣልኝ አልጣመኝም። ዙሪያው ሰማንያ ሜትር ይላል። በየሁለት ሜትሩ አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ አርባ ቋሚ። ቆርቆሮው ሲደራረብ አንዱ ሰማንያ ሳንቲ ስለሚሸፍን መቶ ቆርቆሮ፤ በሩም ከዚሁ። ማገሩን፣ ሚስማሩን፣ ምስጥ እንዳይበላው የቋሚው እግር የሚቀባውን የተቃጠለ ዘይት ሳይቀር ጽፏል። ሲቀላ ገበያ ወርጄ ሦስት ሱቅ ዋጋ ጠየቅኩ፤ ዋጋው ልክ ነው። ዋጋው ልክ ከሆነ ሌብነቱ ልኬቱ ላይ ነው አልኩ። አሥር ሜትር ገመድ ገዛሁ፤ ባለሱቁንም ስላላመንኩት ፊቴ ሁለተኛ አስለካሁት። ግቢውን ስዞረው ሰባት ገመድና ሁለት ሜትር ሆነ። አራት ቋሚና አሥር ቆርቆሮ ማን ሊበላው ነው?

ሰሊሆምን አስጠርቼ አፋጠጥኩት። ግቢውን ጨርሶ አለመለካቱን፣ አንቺ በስልክ ከላክሽለት ካርታ ላይ መጻፉን ነገረኝ። ካርታው ወርዱ አሥራ አምስት፣ ርዝመቱ ሃያ አምስት ይላል። አብረን በሱ ሜትር ለካን። ወርዱ ልክ ነው፤ ርዝመቱ ግን ሃያ አንድ። ከጓሮ አራት ሜትር የለም። ልጄ፣ ስመለስ ሁለት ክፍል ሠርቼ እገባበታለሁ የምትይው ቦታ ነው የሌለው።

ከጓሮ የሚዋሰነን ካሱ ነው። አንቺ የሄድሽ ዓመት እኔ ጨንቻ እናቴን ሳስታምም ከርሜ ስመለስ፣ አሮጌው አጥር በነበረበት በኩል የካሱ ሙዝ ተተክሎ ነበር። ጓሮው ጠበበብኝ ስለው አባትሽ “ሙዙ አድጎ ነው” አለኝ። እኔም ሞኟ አመንኩ። አሁን ግን ገባኝ፤ ካሱ ድንበር ገፍቷል፣ አባትሽ ደግሞ ፈርቶታል። “ተይው፣ ለአራት ሜትር ጎረቤት አይቀየምም” እያለ ሲለማመጠኝ ይባስ ጠረጠርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺንም ጠርጥሬ ነበር፤ ካርታውን ራስሽ መላክሽን ሳስብ ተውኩት።

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ቅዳሜ ጠዋት እርጥብ ሳር ይዘው ግቢያችን ተቀመጡ። በእኛ በጋሞ ድንበር መግፋት ጎሜ ነው፤ ቤት የሚያፈርስ ነውር። ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው አፍ አውጥተን ባንለውም፣ ያንን ሳር ይዞ የሚዋሽ ግን አላየሁም። ካሱ በሰው ፊት ሌባ ስለው አባትሽን ብቻ ያያል። ሳሩን ያዝና ተናገር ሲሉት እጁን ዘረጋ። ያኔ አባትሽ ተነስቶ ቀደመውና ሳሩን ያዘ።

“ካሱ ድንበር አልገፋም። እኔ ነኝ የሸጥኩለት፤ ለልጄ መሄጃ ባጣ” አለ።

የጉዞሽን ገንዘብ ላንቴ ያለው ወንድሙ ሙዝ ሸጦ የሰጠው ነበር የመሰለን፤ አይደለም። ካሱንም እንዳይናገር አባትሽ ቃል አስገብቶት ኖሮ፣ ቃሉን ከሚያፈርስ ሌባ መባሉን መርጦ ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኩት፤ አነሳኝ። አባትሽን ግን ሦስት ቀን አላናገርኩትም። መሄጃሽን ሲፈልግ መመለሻሽን ሸጦብኛል።

ሰሊሆም ግምቱን አስተካክሏል፤ ሠላሳ ስድስት ቋሚ፣ ዘጠና ቆርቆሮ። ገንዘቡን በዚያው ልክ ላኪ። ጓሮው ላይ ስንት ክፍል ይወጣል ብዬ አስለካሁት። አንድ ይወጣል፤ ጠበብ ያለች አንድ ክፍል። ለአንቺ ትበቃሽ ይሆን? አይበቃኝም ካልሽ ለእኔ ጻፊልኝ፤ በስልክ አባትሽ እየሰማ እንዳትይው።

ከዚያ ወዲህ አባትሽ ጠዋት ጠዋት ገመዴን ይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ከቤታችን ግድግዳ እስከ ሙዙ ይለካል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይለካል። ዛሬ ሲመለስ ገመዱን ከኋላው ደበቀ። ምን ስትሠራ ነበር ብዬ አልጠየቅኩትም። እኔ፣ አስቴር፣ አልጠየቅኩትም። ቁርሱን አቀረብኩለት።

ጌታ መውጣትሽን ጠብቆልኛል፤ መግባትሽን ደግሞ በዓይኔ ያሳየኝ።

እናትሽ አስቴር